ጉዳይ ሌላ፣ «አፌር» ሌላ

(ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ለእንግሊዝኛ መምህራንና ተማሪዎች ካቀረብኩት ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በሩ ጋ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ወንበር አለ፤ ኑ ተቀመጡ። ሙቀቱ በረድ እስኪል ብለን ነው ትንሽ የዘገየነው።

በአንዲት ደብዳቤ ልጀምር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ሥራ አገኘች። አለቃዋ የውጭ አገር ሰው ነው። አንድ ቀን ከሌላ ክፍል ኃላፊ ጋር የምትጨርሰው የወረቀት ሥራ ነበራትና ጠዋት እንደማትገባ ለአለቃዋ ማሳወቅ ፈለገች። በልቧ ያለው «ከአቶ እገሌ ጋር ጉዳይ ስላለኝ ጠዋት አልገባም» የሚል ነው። መዝገበ ቃላት ገለጠች። «ጉዳይ» ከሚለው አጠገብ «አፌር» ይላል። እሷም «አይ ሃቭ አን አፌር ዊዝ» ብላ የሰውየውን ስም አስከትላ ጻፈች።

እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው ያ ዓረፍተ ነገር «አቶ እገሌ ውሽማዬ ነው» እንደማለት ነው። ሰውየው ባለትዳር ነው። አለቃዋስ ነገሩ ገብቶት ጠርቶ አስረዳት። ወረቀቱ ግን እሱ ጋ ከመድረሱ በፊት በሁለት ሰው እጅ አልፏል። ወሬው ቢሮውን ሞላው። «ራሷ ጽፋ አመነች» ተባለ። ወር ሳይሞላ ሥራዋን ለቀቀች። ቤቴ መጥታ ስታለቅስ «ቲቸር፣ መዝገበ ቃላቱ እኮ ጉዳይ ነው የሚለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ክፍል ውስጥም እኔ ያስተማርኳት እንደዚያው ነበር፤ አፌር ማለት ጉዳይ።

ከዚያ ወዲህ ቃልን አንድ ለአንድ ማስተማር ተውኩ። የዛሬው ርዕስም ከዚያ የመጣ ነው፦ እንግሊዝኛ ለሴራ፣ ለድብቅ ምክክርና ለድብቅ ፍቅር ያሉት ቃላት። እነዚህ ቃላት እንደሌሎቹ አይደሉም። ወንበሩን ጠረጴዛ ብትሉት ሰው ስቆ ያልፋችኋል። ከእነዚህ አንዱን ያለቦታው ካስገባችሁት ግን ሰው ትከሳላችሁ። አንዳንዴም ራሳችሁን።

ከአፌር እንነሳ። ቃሉ የመጣው ከፈረንሳይኛ ነው። «አ ፌር» ሁለት ቃል ነበር፤ «የሚደረግ» ማለት ነው። የሚደረግ፣ የሚፈጸም ነገር። ጉዳይ ማለት ይኸው ነው እኮ! መዝገበ ቃላቱ አልዋሸም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን «ሚኒስትሪ ኦፍ ፎሪን አፌርስ» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1894 ድሬፉስ የተባለ የፈረንሳይ ጦር መኮንን ያላደረገውን አገር ከድተሃል ተብሎ ተፈረደበት። ንጹሕነቱ በፍርድ የታወጀው በ1906 ነው። በመሀሉ አገሩን ለሁለት የከፈለው ውዝግብ እስከዛሬ «የድሬፉስ አፌር» ይባላል። እዚያ ውስጥ የፍቅር ነገር ሽታው እንኳ የለም።

«ሃቭ አን አፌር ዊዝ» ብላችሁ የሰው ስም ስታስከትሉ ግን አለቀ። ሰሚው የሚረዳው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሰው የሚያፍርበትን ነገር በስሙ መጥራት ስለሚከብደው ነው። ሰፋ ካለ፣ ምንም ከማይል ቃል ጀርባ ይደብቀዋል። እኛስ? «እነሱ እኮ ነገር አላቸው» እንላለን። ነገር ማለት ምንድን ነው? ሁሉም ነገር ነገር ነው። ግን ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ስንናገረው ሁሉም ይገባዋል። «ግንኙነት አላቸው» ስንልም እንደዚያው። እንግሊዞች ከጉዳይ ጀርባ ደበቁት፣ እኛ ከነገር ጀርባ። አሁን ለተማሪዎቼ የምላቸው ይህን ነው፦ የሥራ ጉዳይ ከሆነ «ማተር» ወይም «ቢዝነስ» በሉ። ሰው ለማግኘት ከሆነ «አፖይንትመንት» አለላችሁ። «አፌርስ»ን ለመሥሪያ ቤት ስም ተዉት።

የድሬ ሰው ለፈረንሳይኛ ባዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ሲደርስ ከተማችን ገና «አዲስ ሐረር» ትባል ነበር። ቋንቋውም በዚያው ሐዲድ ገባ። የእንግሊዝኛ የድብቅ ፍቅር ቃላትም ብዙዎቹ ከፈረንሳይ የተሻገሩ ናቸው። ከሰሜን ፈረንሳይ የመጡት ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ፈረንሳይኛ ለረጅም ዘመን የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆኖ ቆይቷል። አንዳንዱ ቃል ያኔ ገባ፣ ሌላው ከብዙ ዘመን በኋላ።

«ፓራሙር» ለምሳሌ «ፓር አሙር» ነበር፤ «በፍቅር» ማለት ነው። መነሻው ምንም ክፋት አልነበረውም። እያደር ነው ውሽማ ወደሚለው የወረደው። ዛሬ የምታገኙት በቆዩ ልብወለዶች ውስጥ ነውና ብዙ አልቆይበትም።

«ትሪስት» ግን ደስ የሚለኝ ቃል ነው። በድሮው ፈረንሳይኛ፣ በአደን ጊዜ አዳኝ አድፍጦ አውሬ የሚጠብቅበት የተመደበ ቦታ ነበር። እስቲ በዓይነ ኅሊናችሁ እዩት። ሰውየው ቁጥቋጦ ሥር ተቀምጧል። ትንፋሹን ውጧል። ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር ቀና ይላል። ይህ ቃል በኋላ ለፍቅረኞች የድብቅ ቀጠሮ ቢሰጥ ምን ይገርማል? ሰፈራችን ውስጥ ከኪዮስክ ጀርባ ቆሞ የሚጠብቅ ጎረምሳም እንደዚያው ነው። ቃሉ ግን ሁልጊዜ የድብቅ ፍቅር አይደለም። ኔህሩ ሕንድ ነፃ በወጣችበት እኩለ ሌሊት፣ ኦገስት 14 ቀን 1947፣ ሕዝባቸው ከዕጣ ፈንታው ጋር ስለያዘው ቀጠሮ ሲናገሩ የመረጡት ይህንኑ ቃል ነው። ከባድ፣ ለዘመናት የተጠበቀ ቀጠሮ ስለነበረ።

«አደልተሪ»ን በተመለከተ አንድ ነገር ላስተካክል። ብዙ ተማሪ «አደልት»፣ ማለትም አዋቂ ከሚለው ቃል የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። የላቲኑ ግሥ «አዱልቴራሬ» ነው፤ መበከል፣ ባዕድ ነገር መቀላቀል። እህቱ «አደልተሬት» እስካሁን ለምግብ ያገለግላል። ገበያ ወጥታችሁ ቅቤ ስትገዙ መጀመሪያ ምን ታደርጋላችሁ? ቆንጠር አድርጋችሁ መዳፋችሁ ላይ ታሻላችሁ፤ ታሸታላችሁ። ሙዝ ወይም የረጋ ዘይት ተቀላቅሎበት እንዳይሆን ነው። ያ ቅቤ «አደልተሬትድ» ነው። ሮማውያን ትዳር ላይ ሲወሰለት የታያቸው ሥዕል ይህ ነው፦ ንጹሕ በነበረ ነገር ውስጥ ባዕድ ገባ። የእኛ «ማገጠ» ሌላ ሥዕል አለው፣ «ወሰለተ» ደግሞ ሌላ። የላቲኑ ግን ከቅቤው ጋር ነው።

አሁን ወደ ሴራው።

እዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ዜና ስናነብ «ኮንስፒረሲ»ም ሴራ ነው፣ «ፕሎት»ም ሴራ ነው፣ «ስኪም»ም ሴራ፣ «ኢንትሪግ»ም ሴራ። አማርኛ ቃል አጥቶ አይደለም። ደባ አለን። ተንኮል አለን። ሸር፣ አሻጥር፣ ዱለታ፣ አድማ፣ ሥውር ምክር፣ መመሳጠር አለን። እያንዳንዱ ክብደቱ ለየብቻ ነው። የሚያጓድለን መቸኮላችን ነው።

«ኮንስፒረሲ» በላቲን «አብሮ መተንፈስ» ነው። ሐኪም ቤት «ሪስፒሬሽን» ሲባል ሰምታችኋል፤ ትንፋሽ። ሥሩ አንድ ነው። ራስ ለራስ ተገጣጥመው፣ የአንዱ ትንፋሽ የሌላው ፊት ላይ እያረፈ የሚያንሾካሹኩ ሰዎች ናቸው የሚታዩት። ለዚህ በጣም የሚቀርበው «መመሳጠር» ይመስለኛል፤ ምስጢርን እኩል መካፈል። በእንግሊዝ ሕግም ለብቻ «ኮንስፒረሲ» የለም። ቢያንስ ሁለት ሰው ተስማምቶ መገኘት አለበት። ስለዚህ «ኮንስፓየር አደረገ» ብላችሁ ከጻፋችሁ አንባቢ «ከማን ጋር?» ማለቱ አይቀርም። እናንተም መልስ ሊኖራችሁ ይገባል።

«ፕሎት» ግን አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ሊያወጣው ይችላል። የቃሉ መንገድ ረጅም ነው። መጀመሪያ ቁራሽ መሬት ነበር። ዛሬም የቤት መሥሪያ ቦታ «ፕሎት» ይባላል። ከመሬቱ ወደ መሬቱ ንድፍ ሄደ። ከንድፍ ወደ ዕቅድ፣ ከዕቅድ ወደ ክፉ ዕቅድ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1605 ለንደን ውስጥ ጋይ ፎክስ የተባለ ሰው ከጌቶች ምክር ቤት ሥር ከ36 በርሜል ባሩድ ጋር ተያዘ። ንጉሥ ጄምስን ከነምክር ቤቱ ሊያጋዩ የተማከሩ ሰዎች ነበሩ። የባሩዱ «ፕሎት» ይባላል። እንግሊዞች እስከዛሬ በዚያ ሌሊት እሳት ያነዳሉ።

እና ያው ቃል የልብወለድ የታሪክ አወቃቀርም ሆነ። የእኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ሲተረጉሙት ምን አሉት? ሴራ! «የልብወለዱ ሴራ» እያልን አስተምረናል፣ ተምረናል። መጀመሪያ ስሰማው ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ግን ወድጄዋለሁ። ደራሲም እኮ ቀድሞ ያወቀውን ይደብቀናል። ክሩን እሱ ብቻ ይዞ እኛን ወደሚፈልገው ይወስደናል።

«ስኪም» ላይ ተጠንቀቁ። ከግሪክ የመጣ ነው፤ ቅርጽ፣ መልክ ማለት ነው። አሜሪካ ውስጥ «ስኪም አለው» ከተባለ ሰውየው አጭበርባሪ ነው። እንግሊዝ አገር ግን «ፔንሽን ስኪም» የጡረታ ዐቅድ ነው፤ ሐቀኛ ነገር። አንድ ሰነድ ውስጥ ይህን ቃል «የጡረታ ሴራ» ተብሎ ተተርጉሞ አይቻለሁ። ጡረታቸውን የሚጠብቁ አዛውንቶች ያንን ወረቀት ይዘው ሲጨነቁ ነው የደረስኩት። «ልጄ፣ ገንዘባችንን ሊበሉት ነው እንዴ?» አሉኝ አንዷ እናት። ለማረጋጋት ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

«ኢንትሪግ» ላይ ልቆይ፤ ከሁሉም የምወደው እሱን ነው። ሥሩ የላቲን «ትሪካይ» ነው፤ የተጠላለፈ ጣጣ፣ እንቅፋት። ውስብስብ የሚለው «ኢንትሪኬት» እና ከጣጣ መውጣት የሚለው «ኤክስትሪኬት» የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። መጠላለፍ ነው ሥዕሉ። የድሮ ጸሐፊዎች ለድብቅ ፍቅርም ይሉት ነበር።

አክስቴ ሐረር ጀጎል ውስጥ ሹሩባ ትሠራ ነበር። ልጅቷን በጉልበቶቿ መሀል ታስቀምጣለች። ፀጉሯን በሚዶ ትከፍላለች። ሦስት ዘለላ ትይዝና አንዱን ከላይ ታሳልፋለች፣ አንዱን ከሥር ታስገባለች። ጣቶቿ አይቆሙም፤ አፏም አይቆምም፣ ከጎረቤት ጋር ታወራለች። ጥቂት ቆይታችሁ ብታዩት የትኛው ዘለላ ከየት እንደተነሳ አታውቁም። አንዱን ብትስቡ ሁሉም ይሳባል።

አማርኛስ ምን ይላል? ሴራ ተጎነጎነ። ሴራ ተሸረበ። ላቲን የሚናገረው ሰውና አማርኛ የሚናገረው ሰው ሳይተዋወቁ አንድ ነገር አዩ ማለት ነው። ይህን ለተማሪ ስታሳዩት ዳግመኛ አይረሳውም። ሌላም አለ። እንግሊዝኛ ሴራን «ሃች» ያደርጋል፤ ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ እንደምትፈለፍለው። እኛ ሴራን እንጠነስሳለን። ጠላ ጠምቃችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጌሾውና ብቅሉ ገብቶ ጋኑ ይከደናል፤ ላዩ ላይ ምንም አይታይም፤ ውስጡ ግን ይሠራል። እንቁላሉም ጥንስሱም ቀን ይፈልጋል፣ ክዳን ይፈልጋል። ስለዚህ «ሃችድ ኤ ፕሎት»ን «ሴራ ጠነሰሰ» ብላችሁ ብትተረጉሙ ትክክል ናችሁ። «እንቁላል» የሚል ቃል አትፈልጉበት።

«ኢንትሪጊንግ» ግን ስድብ አይደለም፤ ይህን ያዙልኝ። ዛሬ «አጓጊ» ማለት ነው። ፈረንጅ ሥራችሁን «ኢንትሪጊንግ» ካለው እያመሰገናችሁ ነው።

«ማኪኔሽን» የሚባል አለ። ከባድ ቃል ይመስላል፤ ግን የእኛው ዘመድ ነው። ላቲኑ «ማኪና» ነው፤ መሣሪያ፣ ብልሃት የተሠራበት ነገር። ጣሊያኖች ከዚያው ወሰዱት፤ እኛ ደግሞ ከጣሊያኖች ወስደን «መኪና» አልን። እና ከሳቢያን እስከ መጋላ በየቀኑ ስንጠራው የምንውለው ቃል ከ«ማኪኔሽን» ጋር አንድ አያት አለው። ሥዕሉም ግልጽ ነው፦ ኮፈኑ ተዘግቷል፣ ውስጡ ጥርስ ከጥርስ እየተናከሰ ይዞራል። ለእንዲህ ዓይነቱ «ሸር»ም «ደባ»ም ያስኬዳል። ብዙውን ጊዜ በብዙ ቁጥር ነው የሚመጣው።

ከዚህ የበለጠ የገረመኝ «ካባል» ነው። ጥቂት ሰዎች በድብቅ ተቧድነው ሥልጣን ላይ ሲመክሩ «ካባል» ይባላሉ። እንግሊዝ አገር አንድ አፈ ታሪክ አለ። ከ1668 እስከ 1674 አካባቢ ንጉሥ ቻርልስ ዳግማዊን ያማክሩ የነበሩ አምስት ሰዎች ነበሩ፤ ክሊፎርድ፣ አርሊንግተን፣ በኪንግሃም፣ አሽሊና ሎደርዴል። የስማቸው የመጀመሪያ ፊደሎች ሲደረደሩ «ካባል» ይሆናሉ፤ ቃሉ ከዚያ መጣ ይባላል። ፊደሎቹ እውነትም ይገጥማሉ። ቃሉ ግን ከእነሱ በፊት ነበረ። መነሻው የዕብራይስጡ «ቀባላ» ነው፤ ከአባቶች በቅብብል የደረሰ ምስጢራዊ ትምህርት። ዕብራይስጡ ደግሞ ሥሩ ቀ-በ-ለ ነው። እስቲ ድገሙልኝ። ቀ፣ በ፣ ለ። ተቀበለ! ቅበላ፣ ቅብብል፣ አቀባበል። በግዕዝም በአማርኛም አፋችን ላይ ያለው ሥር ነው። የተቀበሉትን ትምህርት ለማይገባው አይገልጡም ነበርና፣ ፈረንሳይ ደርሶ እንግሊዝ ሲገባ «ምስጢረኛ ቡድን» ሆነ። መቀበል ከሚለው ቅን ቃል ተነስቶ እዚህ ደረሰ።

«ኮሉድ» «አብሮ መጫወት» ነው፤ ግን ጨዋታው በሦስተኛ ሰው ላይ ነው። ተፎካካሪ የሚመስሉ ሁለት ነጋዴዎች ጨረታ ላይ ዋጋ ተነጋግረው ሲገቡ ቃሉ ይህ ነው። «ኮናይቭ» ደግሞ ዐይን መጨፈን ነው፤ ላቲኑ ቃል በቃል እንደዚያ ይላል። አይቶ እንዳላየ ማለፍ። በኬላ ላይ ጭነቱን እያየ ወደ ሌላ የሚዞር ፈታሽ «ኮናይቭ» አደረገ ይባላል። እጁን አላስገባም፣ ግን ንጹሕ አይደለም። ይህን ልዩነት የሚያውቅ ዳኛም ጋዜጠኛም ያስፈልገናል። የተማከረን ሰውና ዐይኑን የጨፈነን ሰው ሁለቱንም «ሴረኛ» ብሎ መጥራት በደል ነው።

አንድ የታሪክ ምሳሌ ላንሳ። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከሥልጣን መውረዳቸው ሲታወጅ እሳቸው ያሉት ጎረቤታችን ሐረር ነበር። ይህን በእንግሊዝኛ ጻፉ ብላችሁ፣ የትኛውን ቃል ትወስዳላችሁ? «ኩ» ካላችሁ ምት ነው፤ ቃሉ የፈረንሳይኛ ነው፣ ድንገት ያረፈ ዱላ። የእኛው «መፈንቅለ መንግሥት» ድንጋይ ከሥሩ ሲፈነቀል ነው የሚያሳየን። «ፕሎት» ካላችሁ ከዚያ በፊት የተመከረውን ታጎላላችሁ። «ኮንስፒረሲ» ካላችሁ የመኳንንቱን ምክር ወንጀል አደረጋችሁት። «ዲፖዚሽን»፣ ማለትም ከሥልጣን ማውረድ፣ ካላችሁ ደግሞ ሕጋዊ መልክ ሰጣችሁት። ቀኑ ያው ነው፣ ሰዎቹ ያው ናቸው። አንዷን ቃል ስትጽፉ ግን ፈርዳችኋል። ፍረዱ፤ ግን አውቃችሁ ፍረዱ።

ንግግሬን ጨርሼ ጥያቄ ስቀበል ፊት ለፊት የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር አባት እጃቸውን አነሱ። ቀደም ሲል «ሊያዘን»ን ከድብቅ ፍቅር ቃላት አንዱ ነው ብዬ ብቻ ዘልዬው ነበር።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኛ ሥራ ላይ ሳለን ፈረንሳዮቹ ‹ሊዬዞን› ሲሉ መስመርና መስመር ስለማገናኘት ነው የሚያወሩት። የእህቴ ልጅ ደግሞ አሁን አንድ ድርጅት ውስጥ ‹ሊያዘን ኦፊሰር› ነኝ ትላለች። አንተ ስለ ውሽማ ስታወራ እንዴት ነው ነገሩ ብዬ ደነገጥኩ።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። መልሱን ሁሉም ፈልጎት ነበር።

«አባባ፣ እርስዎም ልክ ነዎት፣ እሷም ልክ ናት» አልኳቸው። ላቲኑ «ሊጋሬ» ነው፤ ማሰር፣ ማያያዝ። መስመር ከመስመር ሲያያዝ ሊዬዞን ነው። ሁለት መሥሪያ ቤት የሚያገናኝ ሠራተኛ ሊያዘን ኦፊሰር ነው። ሁለት ሰው በድብቅ ሲተሳሰርም ያው ቃል ነው። የእህታቸው ልጅ የሥራ መጠሪያዋን ትጻፍ፣ ምንም አይደለም። «ኦፊሰር» የምትለዋን ቃል ብቻ አታስቀር።

«እነግራታለሁ» አሉና ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ጻፉት።